«የት ደረስክ?» ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል? ስለ ጌም ስፖይለር ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ጌም በሚወዱ ጓደኞቼ መካከል አንድ ጽሑፍ ሲዘዋወር ነበር። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ላከልኝ። ጉዳዩ ስፖይለር ነው። የጌምን ምስጢር ወይም መጨረሻ ገና ላልደረሰበት ሰው ቀድሞ መናገር ማለት ነው፤ «ስፖይል አደረገኝ» የምንለው። ጸሐፊው በስፖይለር ላይ የሚነሳው ቅሬታ ከልክ አልፏል ይላሉ። አምስት ነጥብ አንስተዋል። ጥሩ ታሪክ መጨረሻው ቢታወቅም አይበላሽም፤ ይህንንም ጥናት አረጋግጧል። ጌም ከወጣ ሁለት ሳምንት ካለፈው ማንም እንደ ልቡ ማውራት ይችላል። መስማት የማይፈልግ ራሱ ከሶሻል ሚዲያ ይራቅ። ጌም ላይ ዋናው መጫወቱ እንጂ ታሪኩ አይደለም። በመጨረሻም፣ ጥንቃቄ ሲበዛ ውይይት ይሞታል።

ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ጌም እንደሚወዱም ያስታውቃል። የምስማማበትም አለ፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። በዋናው ሐሳብ ግን አልስማማም። ዝም ብዬ ላልፈውም አልቻልኩም፤ ነገሩ ደርሶብኛልና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አንድ ረጅም ጌም ጀምሬ ነበር። ሥራ ውዬ ማታ አንድ ሰዓት፣ ቅዳሜና እሁድ ትንሽ ጨመር አድርጌ ነው የምጫወተው። ወር አልፎኝ ገና ግማሹ ላይ ነበርኩ። በጌሙ ውስጥ አንድ ሰውዬ አለ። መጀመሪያ ላይ አልወደድኩትም። ቀስ በቀስ ግን ለመድኩት። አብረን መንገድ ስንሄድ ወሬው እንዳያልፈኝ ሩጫዬን ቀንሼ በእግሬ እሄድ ነበር። አንድ ማታ ጓደኞቻችን ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ይሄን ሰውዬ እንዴት እንደወደድኩት!» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ልጅ ወዲያው መለሰልኝ። «ብዙ አትላመደው» አለ።

በቃ፣ ሁለት ቃል። መጨረሻውን አልነገረኝም። ግን ሁሉን ነገር ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ብቅ ባለ ቁጥር «አሁን ይሆን?» እያልኩ ነበር የምጫወተው። ወሬውን መስማት ቀረ። መጠበቅ ብቻ ሆነ። ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ ምንም አልተሰማኝም። ልጁ ክፉ አይደለም፤ እስከ ዛሬ ጓደኛዬ ነው። የጌሙን ስም ግን አልጠራም። ብጠራው እኔም ያንኑ ጥፋት ሌላ ሰው ላይ እደግማለሁ።

ወደ ነጥቦቹ ልሂድ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ጥናቱ። ጸሐፊው የጠቀሱት ጥናት በእርግጥ አለ። በ2011 የታተመ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ የነበሩት ጆናታን ሊቪት እና ኒኮላስ ክሪስተንፌልድ 12 አጫጭር ልቦለዶችን ለተማሪዎች አስነበቡ። ለአንዳንዶቹ መጨረሻውን የሚገልጽ አንቀጽ ከፊት ጨመሩላቸው። በአማካይ ሲታይ፣ መጨረሻውን አውቀው ያነበቡት ታሪኩን ትንሽ ይበልጥ ወደዱት። ጸሐፊው እዚህ ላይ አቁመዋል። ነገሩ ግን እዚያ አላቆመም። በ2015 ቤንጃሚን ጆንሰን እና ጁዲት ሮዘንባም ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው ሌላ ጥናት አሳተሙ። የእነሱ ውጤት ተቃራኒው ነበር። መጨረሻው የተነገራቸው አንባቢዎች ደስታቸው ቀነሰ፤ በታሪኩ መመሰጣቸውም ቀነሰ። ስለዚህ «ጥናት አረጋግጧል» ተብሎ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም።

ደግሞስ አጭር ልቦለድ ከጌም ጋር እንዴት ይወዳደራል? አጭር ልቦለድ በአንድ መቀመጫ ያልቃል። ጌም ላይ ወራት እንቆያለን። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ስህተት መንገድ የመረጥኩትም እኔው ነኝ። ሰው ያዳንኩት ወይም ሳላድን የቀረሁት በራሴ እጅ ነው። ያን ሁሉ የሠራሁት ቀጥሎ የሚመጣውን ሳላውቅ መሆኑ ነው ነገሩን የእኔ የሚያደርገው። አንድ ሌላም አለ። እኔም አንድ ቦስ (በጌሙ ውስጥ ያለ ከባድ ጠላት) ሲያስመርረኝ ዩቲዩብ ከፍቼ እንዴት እንደሚመታ አያለሁ። ያኔ ግን ማየት የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሰው መጨረሻውን ቀድሞ ማወቅ ከፈለገ መብቱ ነው። ለእሱ ሌላ ሰው ሲመርጥለት ነው ችግሩ።

ሁለተኛው የሁለት ሳምንቱ ሕግ ነው። ከሁሉም ያናደደኝ ይህ ነው። ሁለት ሳምንት ለማን?

ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2ን እንውሰድ። ለፕሌይስቴሽን 4 እና ለኤክስቦክስ ዋን ኦክቶበር 26 ቀን 2018 ወጣ። ለኮምፒውተር የወጣው ግን ኖቬምበር 5 ቀን 2019 ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ልዩነት አለው። በጸሐፊው ሕግ ከሄድን፣ የኮምፒውተር ተጫዋቹ ጌሙን መግዛት በቻለበት ቀን የዝምታው ጊዜ ካለቀ አንድ ዓመት ሊሞላው ቀናት ነው የቀሩት። ይህ ደግሞ ከሌሎቹ ጋር ሲታይ አጭር ነው። ጎድ ኦቭ ዎር ኤፕሪል 2018 ፕሌይስቴሽን ላይ ወጥቶ ኮምፒውተር ላይ የመጣው ጃንዋሪ 2022 ነው። ጎስት ኦቭ ሱሺማ ከጁላይ 2020 እስከ ሜይ 2024 አስጠብቋል። ዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል 2 ጁን 2020 ወጥቶ ኮምፒውተር ላይ የደረሰው ኤፕሪል 2025 ነው። አምስት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ሲቀረው ማለት ነው። እነዚህ ተጫዋቾች ሰንፈው አይደለም የዘገዩት። ጌሙ ነው ያልመጣላቸው።

ጌሙ በወጣበት ቀን የገዛውስ? የሬድ ዴድ 2 ዋና ታሪክ ብቻውን 50 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በሁለት ሳምንት ለመጨረስ በየቀኑ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ መጫወት ግድ ነው። ፐርሶና 5 ደግሞ ወደ 100 ሰዓት ይጠጋል። በቀን ሰባት ሰዓት ማለት ነው። ይህን የሚችለው ማን ነው? የሚያሳድገው ልጅ ያለው ሰው አይችልም። ፈተና የደረሰበት ተማሪም አይችልም።

ወደ እኛ ሀገር ስንመጣ ደግሞ ይብሳል። አዲስ ትልቅ ጌም 60 ወይም 70 ዶላር ነው። ውጭ የሚሠራ ካርድ በእጁ ያለው ስንቱ ነው? አብዛኛው ዋጋው እስኪወርድ ይጠብቃል። ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ይለምናል። ሬድ ዴድ 2 ኮምፒውተር ላይ 150 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል። ያንን የሚያወርድ ሰው የሌሊት ጥቅል እየገዛ፣ መብራት ሲሄድ እየተቋረጠበት፣ ለቀናት ይታገላል። ቤቱ ማሽን የሌለው ደግሞ ጌም ዞን ሄዶ በሰዓት እየከፈለ ይጫወታል። ነገ ሲመለስ ሴቭ ያደረገውን ሌላ ልጅ አጥፍቶበት ያገኘዋል። ከመጀመሪያው ይጀምራል። ይህን ልጅ «ሁለት ሳምንት አልፎሃል» ልንለው ነው?

ጌሞች ደግሞ ተመልሰው ይወለዳሉ። ፋይናል ፋንታሲ 7 የወጣው በ1997 ነው። ከጌም ታሪክ ውስጥ በጣም ዝነኛ ከሚባሉት አጋጣሚዎች አንዱ እዚያ ውስጥ አለ። የሚያውቀው ያውቀዋል። እንደ አዲስ የተሠራው ሪሜኩ በ2020 ወጣ፤ ቀጣዩ ክፍል በ2024። ዛሬ ያንን ሪሜክ የሚጀምር የ18 ዓመት ልጅ በ1997 አልተወለደም። ዘ ላስት ኦቭ አስም በ2013 የወጣ ጌም ነው። በጃንዋሪ 2023 ተከታታይ ድራማ ሆኖ ሲመጣ ግን ጌም ነክቶ የማያውቅ ሕዝብ ከዜሮ ጀመረው። እኔ ሠላሳ ዓመት ዝም በሉ እያልኩ አይደለም። ቀን መቁጠሩን ትተን ፊታችን ያለውን ሰው እንጠይቅ ነው የምለው። «የት ደረስክ?» ይኸው ነው። መልሱን ሰምቶ ከዚያ በታች ማውራት ማንንም አይጎዳም።

ሦስተኛው «ካልፈለገ ይራቅ» የሚለው ነው። መራቅ የሚቻል ቢሆን ኖሮ ብዙዎች ይርቁ ነበር። ኤፕሪል 2020 መጨረሻ ላይ የዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል 2 ቪዲዮዎች አፈትልከው ወጡ። ጌሙ የሚወጣው ጁን 19 ነበር። ሰባት ሳምንት ገና ይቀረዋል። የሠራው ኖቲ ዶግ ሰዎች ራሳቸውን እንዲጠብቁ፣ ለሌላውም እንዳይናገሩ ለመነ። ሰሚ ግን ጥቂት ነበር። ከጌሙ ጋር ምንም በማይገናኝ ቪዲዮ ሥር ሁሉ ሰዎች መጨረሻውን ኮሜንት ያደርጉ ነበር። ወቅቱ ደግሞ ኮቪድ ነው። ሰው ቤቱ ተቀምጦ ከወዳጁ የሚገናኘው በኢንተርኔት ብቻ ነበር። ለዚያ ሰው «ከኢንተርኔት ውጣ» ማለት ምን ማለት ነው? በ2022 ጎድ ኦቭ ዎር ራግናሮክ ከመውጫው ቀን በፊት በአንዳንድ ሱቆች ተሸጦ ምስሎቹ ተበተኑ። በ2023 ደግሞ የዜልዳው ቲርስ ኦቭ ዘ ኪንግደም ሜይ 12 ሊወጣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ሾልኮ ወጣ።

ከዚያ ሁሉ የሚከፋው ዩቲዩብ ነው። የመጨረሻውን ቦስ ፎቶ ሽፋኑ ላይ ለጥፎ ፊት ለፊት ያመጣዋል። ዓይን ደግሞ ካየ አየ። እኛ ዘንድ ቴሌግራም መዝናኛ ብቻ አይደለም። የመሥሪያ ቤት ግሩፕ እዚያ ነው። የዕድሩም፣ የቤተሰቡም እዚያው ነው። ሰው አንድ ጌም እስኪጨርስ ከዚህ ሁሉ ይውጣ ማለት አይሆንም። ማታ ሊያየው ያቆየው የኳስ ጨዋታ ያለው ሰው «ውጤቱን እንዳትነግሩኝ» ሲል እኮ እንረዳዋለን። ካፌ ውስጥ የማናውቀው ሰው እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደርግለታል። ለጌም ተጫዋች ይህ የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም።

አራተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው በጣም ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ። ጌም ላይ ዋናው መጫወቱ ነው ይላሉ። እሺ፣ ይሁን። ግን መጫወቱ ራሱ ማወቅ የሆነባቸው ጌሞች አሉ። በ2019 የወጣው አውተር ዋይልድስ እንዲህ ነው። እዚያ ጌም ላይ የሚገዛ መሣሪያ የለም። ጉልበት አይጨምርም። ወደፊት የሚያስኬደው ያወቁት ነገር ብቻ ነው። ሁሉን የሚያውቅ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ አንድ ምስጢር መናገር ታሪክ ማበላሸት ብቻ አይደለም፤ ጌሙን ራሱን ከሰውየው እጅ መውሰድ ነው። የዚያ ጌም ወዳጆች ይህን ስለሚያውቁ አዲስ ሰው ሲመጣ «ምንም ሳታነብ ጀምረው» ይሉታል እንጂ ሌላ አይጨምሩም። እኔም እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ሌላው ሪተርን ኦቭ ዘ ኦብራ ዲን ነው። ሉካስ ፖፕ የሚባል ሰው ሠርቶት በ2018 ወጣ። ዘመኑ 1807 ነው። ጠፍታ የነበረች መርከብ ባዶዋን ትመለሳለች። ተጫዋቹ የኢንሹራንስ መርማሪ ነው። 60 ሰው ነበረባት። እያንዳንዱ ማን እንደነበር፣ ምን እንደደረሰበት አጣርቶ መዝገብ ላይ መሙላት አለበት። ጌሙ በእያንዳንዱ መልስ «ልክ ነህ» አይልም። ሦስት ሰው በትክክል ሲሞላ ብቻ ነው የሚያረጋግጠው። በግምት እንዳይሄድ ነው። አንድ ሰው ስለ ጫማ፣ ስለ ዘዬ፣ ስለ አልጋ ቁጥር ሲያስብ ያመሻል። እዚህ መሃል «ያኛው እኮ እገሌ ነው» ብሎ የሚናገር ሰው ምን አደረገ? የሁለት ሰዓት ሐሳቡን ከላዩ ላይ ወሰደበት።

ልጆች ሆነን እንቆቅልሽ ስንጫወት ይህ ሥርዓት ነበረን። «እንቆቅልህ» ይላል ጠያቂው። «ምን አውቅልህ» ይመለስለታል። ጥያቄው ይቀርባል። መልሱ ካልመጣ ጠያቂው ዘሎ አይናገርም። «አገር ስጠኝ» ይላል። ያቃተው ልጅ ያስባል፣ ይሞክራል። ሲቆርጥለት ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል። መልሱ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። አገር የሚሰጠው ያቃተው ልጅ ራሱ መሆኑን አስተውሉ። እስኪሰጥ ድረስ ጥያቄው የእሱ ነው። መልሱን የሚያውቅ ሌላ ልጅ መሃል ገብቶ ከለፈለፈ «ማን ጠየቀህ?» ይባላል። አያቴ ቤት እንዲያ ያደረገ የአክስቴ ልጅ ማታውን ሙሉ ከጨዋታው ውጭ ተቀምጦ ያየበት ቀን ትዝ ይለኛል። አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሕጉን ግን በዚያች ቀን አወቀው።

አምስተኛው፣ ጥንቃቄ ውይይትን ይገድላል የሚለው። ስጋቱ ይገባኛል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጌም ጨርሶ የሚያወራው ሰው ማጣት ከባድ ነው። ሰው ሊፈነዳ ይደርሳል። ግን መሸፈኛው ተሠርቶልናል እኮ። ዲስኮርድ በሚባለው የተጫዋቾች መወያያ ላይ ከጽሑፉ ፊትና ኋላ ሁለት ሁለት ቋሚ መስመር ማስገባት ብቻ ነው። ቴሌግራም በ2021 መጨረሻ አመጣው። ጽሑፉን መርጦ ከሚመጣው ዝርዝር ስፖይለር የሚለውን መንካት ነው። ካልነኩት አይነበብም። ኖቲፊኬሽን ላይም ተሸፍኖ ነው የሚመጣው። በኋላ ለፎቶና ለቪዲዮም ተጨመረ። አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

መሸፈኑ ብቻውን ግን አይበቃም። ስም የሌለው ሽፋን ካለ ሰው ምኑን አውቆ ይንካው? የጌሙን ስምና እስከ የት እንደሆነ ከሽፋኑ ውጭ መጻፍ ያስፈልጋል። «ሬድ ዴድ 2፣ እስከ ምዕራፍ 4» ከተባለ ምዕራፍ 5 ላይ ያለው ገብቶ ያወራል። ምዕራፍ 2 ላይ ያለው ያልፈዋል። ሁለቱም ሰላም ናቸው።

ፍንጭ መስጠትም ያው ስፖይለር ነው። «መጨረሻውን ስታየው ትደነግጣለህ» ይላሉ ሰዎች። «እሷን አትመናት» ይላሉ። ለበጎ አስበው ነው። ግን የሚያስደነግጥ ነገር እንዳለ ያወቀ ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እሱን ሲፈልግ ነው የሚከርመው። የእኔም «ብዙ አትላመደው» እንዲህ ያለ ፍንጭ ነበር።

ውይይት ይሞታል የሚለውን የማልቀበለው ግን በሌላ ምክንያት ጭምር ነው። ስለ ጌም ካወራሁት ሁሉ የማልረሳው አንድ ጌም ቀድሞኝ ከጨረሰ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ያወራሁት ነው። በየጠዋቱ ቡና ላይ «የት ደረስክ?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። «ቀጥሎ ምን ይሆናል ብለህ ታስባለህ?» ይለኛል። እኔ እዘረዝራለሁ። እሱ ይሰማል። ፊቱ ላይ ምንም አይታይም። ሦስት ሳምንት እንዲህ ከረምን። ስጨርስ ደወልኩለት፤ አንድ ሰዓት አወራን። ያን ጊዜ ነው የትኛው ግምቴ ላይ ሳቁን እንደዋጠ የነገረኝ። መጨረሻውን በሁለተኛው ቀን ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ወሬ አይኖርም ነበር።

አሁን ወደምስማማበት ልምጣ። ጸሐፊው ስፖይለርን ሰው ማሸማቀቂያ ያደረጉት አሉ ብለዋል። እውነታቸውን ነው። «የትኛው ሰይፍ ይሻላል?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ላይ የሰይፉን ስም ስለጠራ ብቻ ሲወርዱበት አይቻለሁ። ይህ ልክ አይደለም። ሁሉም ነገር ምስጢር አይደለም። ፊፋ ለሚጫወት ሰው ደግሞ ይህ ወሬ ጨርሶ አይመለከተውም።

ኩባንያዎችም ከመስመር ያልፋሉ። ፐርሶና 5 ኤፕሪል 4 ቀን 2017 ለዓለም ሲወጣ፣ የጌሙ ሠሪ አትለስ ጌሙን በቀጥታ የሚያስተላልፉ ሰዎች በጌሙ ውስጥ ካለው ጁላይ 7 በላይ እንዳያሳዩ አስጠነቀቀ። ካሳዩ አካውንታቸው ሊታገድ እንደሚችል ነገራቸው። ተጫዋቾች ተቆጡ። አትለስም በዚያው ወር ይቅርታ ጠይቆ ገደቡን እስከ ኖቬምበር 19 አራዘመው። እኔም ያኔ ከተቆጡት ጋር ነኝ። ሰው በገንዘቡ በገዛው ጌም ላይ በዛቻ አይያዝም። ጓደኛ ለጓደኛው የሚያደርገው ጥንቃቄና ኩባንያ የሚያወጣው ማስፈራሪያ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለው መቃወማቸው ነው ያልተዋጠልኝ።

ታናሽ ወንድሜ አሁን ኦብራ ዲንን እየተጫወተ ነው። አሮጌው ላፕቶፔ ላይ። 31 ሰው ሞልቷል። ትናንት ማታ አንድ መርከበኛ ላይ ተጣብቆ እራት ቀረበ ሲባል እንኳ አልሰማም። እኔ ከኋላው ቆሜ አያለሁ። ሰውዬው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ዞር ብሎ «ታውቀዋለህ አይደል?» አለኝ። «አገር ስጠኝ» አልኩት። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞሮ የመርከበኛውን ጫማ እንደገና ማየት ጀመረ።